ካፒቴኑ ተራምዶት ያለፈው ሰው

መጻሕፍቱ አምስት ነበሩ። ፊዚክስ ያስተማረን ህንዳዊ መምህር ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣው አልዘጋ ስላለው ለክፍላችን ትቷቸው ሄደ። በእንግሊዝኛ የተጻፉ የሳይንስ ልብ ወለዶች ናቸው። ታሪኩ ከአንደኛው ቅጽ እስከ አምስተኛው አንድ ነው። ሰባት ፕላኔቶችን ጠቅልሎ የያዘ መንግሥት አለ፤ በእሱ ላይ የተነሳ አንድ ካፒቴን አለ፤ በበረዶ ፕላኔት ላይ የተሠራ የጠላት ምሽግ አለ። አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት አምቦ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቅ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አምስት መጽሐፍ ለአንድ ትምህርት ቤት አይበቃም። ስለዚህ ገነጣጠልናቸው። እያንዳንዱን ስድስት ቦታ ከፍለን በመርፌና በክር ሰፋናቸውና ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ጀመር። ችግሩ ቅደም ተከተል የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። የደረሰህን ታነባለህ። እኔ የካፒቴኑን መቁሰል ያነበብኩት ገና ካፒቴን ከመሆኑ በፊት ነው። ጨዋታችን ሁሉ ስለ እሱ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ከሁሉቃ ወንዝ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን እንከራከራለን፤ ወንዶቹ በሙሉ ካፒቴኖች ናቸው። ካፒቴን መሆን ያልፈለገ አንድ እንኳ አላስታውስም። እኔም ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ዘበኛ ነበር። ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ቀን ቀን ይቆማል። ፊደል የቆጠረው በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን ገና አልቆጠረም። እሑድ እሑድ ከቤታችን ፊት ለፊት ግንድ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ እኔ ያነበብኩትን እነግረዋለሁ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፤ ሁለቱም እምቢ ሲሉኝ ደግሞ በእጄ። ጠፈርን ለማስረዳት ብዙ አልተቸገርኩም። አየር የሌለበት ሜዳ አልኩት፤ ገባው። የጠፈር መርከቡን አንድ ቀበሌ የሚያህል አውቶብስ አልኩት፤ እሱም ገባው።

አንድ እሑድ የሦስተኛውን ቅጽ ትልቁን ጦርነት እየነገርኩት ነበር። ካፒቴኑ እየሮጠ ወደ መርከቡ ልብ ወደሚያስገባው የብረት በር ደረሰ አልኩት።

«በሩን ማን ከፈተለት?» አለኝ።

«ዘበኛው።»

«ከዚያስ?»

«ጠላት ከበሩ ወዲያ አድፍጦ ነበር። ዘበኛው ተመትቶ ወደቀ። ካፒቴኑ ተራምዶት ገባ።»

«ተራምዶት?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

እኛ ቤት የተኛ ሰው እንኳ አይራመዱም። ታናናሾቼ አንዳቸው ሌላቸውን ከተራመዱ ተመልሰው እንዲሻገሩ ይደረጋል። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም የጦር አለቃ አደረገው ስለው የአባቴ ፊት ጠቆረ።

«መቃን ኢሳ ኤኙ?» አለኝ፤ ስሙ ማን ነው ማለቱ ነው።

«ስም የለውም።»

«መጽሐፉ ውስጥ ነው የሌለው ወይስ ሰውዬው ራሱ ስም የለውም?»

ተናደድኩ። ልቤ ያለው ጦርነቱ ላይ ነው። ሰባት ፕላኔት ሊነድ አንድ ትንፋሽ ቀርቶት እሱ ስለ በር ይጠይቀኛል። «ታሪክ እኮ ነው አባዬ» አልኩት። «ታሪክ መሆኑን አውቃለሁ» አለኝና ተነስቶ ገባ። ያን ቀን ጦርነቱን አልጨረስኩለትም፤ ሌላ ቀንም ጨርሺልኝ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ግን ያለ እሱ ዓይን ማንበብ አቃተኝ። የሚዞሩትን ክፍሎች እየለመንኩ እንደገና አነበብኳቸው። ምግብ የምታቀርብ ሴት አለች፤ ሳህኑን ታስቀምጥና ትጠፋለች። የካፒቴኑን ደም የነካ ልብስ የሚወስድ እጅ አለ፤ እጅ ብቻ ነው። በበረዶው ምሽግ ውስጥ ድንች የሚልጡ እስረኞች አሉ፤ ምሽጉ ሲፈነዳ እነሱ ምን እንደሆኑ የሚናገር መስመር የለም። በደብተሬ ጀርባ አንድ በአንድ ጻፍኳቸው። ስም ስለሌላቸው በሥራቸው ጻፍኳቸው።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት ደብተር የሚወጣባቸው አልነበሩም። ወረቀት ሁሉ ያስፈራ ነበር። ጎረቤቶቻችን የልጆቻቸውን ደብተር ሳይቀር ሲያቃጥሉ አይቻለሁ። እኔ የደረሱኝን ሦስት ክፍሎችና የስም አልባዎቹን ዝርዝር በጤፍ ጆንያ ሥር አስቀመጥኩና አደግሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ታይፕ ተማርኩ፣ አባቴ በሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። ጠዋት ጠዋት አባቴ በር ይከፍትልኛል፤ እኔም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ «እንደምን አደሩ» ብዬው አልፋለሁ። በሥራ ቦታ አንቱ እለው ነበር። ይስቅብኛል።

የመጀመሪያውን ታሪክ የጻፍኩት እዚያ ነው። የዘበኛው ታሪክ። አባቴን በምሳ ሰዓት እየጠየቅሁ ጻፍኩት።

«ማን እንደመጣ ሳታይ ታውቃለህ?»

«በጫማው። ስብሰባ ላይ ተሰድቦ የመጣ ሰው ተረከዙን ይጎትታል።»

«በር ስትከፍት ምን ታስባለህ?»

«አንዳንዴ ስለ በሬዬ። አንዳንዴ ስለ ማጠፊያው፤ ዘይት ይፈልጋል።»

የእኔ ዘበኛ ገብስ ከሚዘራባት ትንሽ ፕላኔት የመጣ ነው። በዚያ ቀን ተረኛ አልነበረም፤ ጓደኛውን ጥርሱን አሞት ተክቶት ነው። ካፒቴኑን በጫማው ድምፅ ያውቀዋል፤ ካፒቴኑ የእሱን ፊት አያውቀውም። ከበሩ በላይ ያለችው ቀይ መብራት መብረቅረቅ ትጀምራለች። ያ ማለት ወዲያ ማዶ ሰው አለ ማለት ነው። ዘበኛው አይቷታል። ካፒቴኑ እየሮጠ ሲመጣ «ቆይ» ይለዋል። ካፒቴኑ «ክፈት» ይላል። ዘበኛው ይከፍታል። የቀረውን መጽሐፉ ተናግሮታል።

ለአባቴ ሳነብለት አንዲት ቃል ላይ አስቆመኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ይቆዩ ጌታዬ» ብዬ ነበር።

«እንደዚያ አይልም» አለኝ።

«ለአለቃ አንቱ አይባልም?»

«ይባላል። ሁልጊዜ ይባላል። በዚያች ሰዓት ግን አይባልም። ጊዜ የለውማ።»

ሰረዝኩና «ቆይ» ብዬ ጻፍኩ። ያቺ ቃል የአባቴ ናት።

መሥሪያ ቤታችን ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበረው። ከፖለቲካው ውይይት በኋላ ለኪነት የምትተርፍ ግማሽ ሰዓት አለች፤ ብዙውን ጊዜ የሚያቀርብ ሰው ይጠፋል። አንድ ረቡዕ እጄን አወጣሁና አነበብኩ። መጽሐፉን የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሌሎቹ አንዴ ጠፈር ማለት ምን እንደሆነ ከተነገራቸው በኋላ አልተቸገሩም። ስጨርስ የመሥሪያ ቤቱ የላንድሮቨር ሾፌር «የጓደኛውስ ጥርስ ዳነ?» ብሎ ጠየቀ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ዘበኛው መኖር መጀመሩን ያወቅሁት።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ። የተበላሸ የማባዣ ስቴንስል እያስተካከልኩ፣ ጊዜው ባለፈ ሰርኩላር ጀርባ ላይ አባዛሁ። ሁለተኛው የልብስ አጣቢዋ ታሪክ ነበር፤ ከካፒቴኑ ልብስ ላይ የማን ደም እንደሆነ በማጠብ የምታውቅ ሴት። ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ወደ ባንኩ፣ ወደ ክሊኒኩ፣ ወደ ገበያው ወረደ። ከደቡብ መጥተው አምቦ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ታነብላቸው ነበር። አንድ ቀን ለቀሚስ ጨርቅ ልገዛ ስገባ ሜትሩን አስቀመጡና፦

«በዚያ ሁሉ ሰማይ ላይ አንድ ነጋዴ የለም?» አሉኝ።

«መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁም ጋሼ።»

«ታዲያ የካፒቴኑን ካባ ማን ሸጠለት? ይሄንን አስቢበት።»

አሰብኩበት። ሦስተኛው ታሪክ የእሳቸው ነው።

ሁሉም አልወደደውም። ከእኔ ጋር የተማረ፣ አሁን ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር አንድ ሰው ነበር፤ አምስቱንም መጻሕፍት በቃሉ ያውቃቸዋል። ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ አርሞ አመጣልኝ።

«በሁለተኛው ቅጽ ላይ የመርከቡ በር በኤሌክትሪክ እንደሚከፈት ተጽፏል» አለኝ። «ዘበኛ አያስፈልገውም።»

«ታዲያ ለምን እዚያ አቆሙት?»

«ስህተት ነው። ደራሲው ረስቶታል።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው» አልኩት።

አልሳቀም። ጥሩ ታሪክ እያበላሸሽ ነው፣ ስለ ልብስ አጣቢ የጠየቀሽ ማን ነው፣ ሰው መጽሐፍ የሚያነበው ከዚህ ከጭቃችን ወጣ ለማለት ነው አለኝ። ይህ የመጨረሻው ነገሩ አመመኝ፤ ምክንያቱም እውነት አለው። እኔም አንድ ጊዜ ለዚያ ነበር ያነበብኩት። ግን ወረቀቱን መልሼ ያለ እርማቱ አባዛሁት።

ከዚያ የመሥሪያ ቤታችን የርዕዮተ ዓለም ኃላፊ ጠራኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንዲት ቃል በእርሳስ ተከባለች።

«ጓዲት፣ ይህ ዘበኛ ማን ነው?»

«ዘበኛ ነው ጓድ።»

«የሚያገለግለው ካፒቴን በጨቋኝ ላይ የተነሳ ነው። ተራማጅ ነው ማለት ነው። አይደለም?»

«መጽሐፉ እንደዚያ ይላል።»

«ታዲያ ተራማጅ መሪ ከታች ያለውን ሰው የማይሰማው ለምንድን ነው? አንድ ሰው «ቆይ» እያለው፣ አደጋ እያሳየው፣ እሱ ዘሎ የሚገባው? አንባቢ ይህንን ሲያነብ ምን ያስባል?»

«ቢቆይ ኖሮ ዘበኛው ይተርፍ ነበር ብሎ ያስባል።»

እርሳሱን አስቀመጠ። ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ጎበዝ ነሽ፣ በክበቡ ስም በግድግዳ ጋዜጣ ላይ እናወጣዋለን አለኝ። የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው። «ቆይ» ትውጣና በቦታዋ ዘበኛው ራሱን ለዓላማው ሲሰዋ «ወደፊት» ይበል።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ እሺ ልል ነበር። አንዲት ቃል ናት። እናቴ ታማለች፣ ደመወዜ ያስፈልገናል፣ አባቴም ከእኔ ጋር በአንድ በር ይገባል። ግን ያን ሰው «ወደፊት» ሲል ማሰብ ሞከርኩና አፉ አልከፈት አለኝ። ጥርሱን ያመመው ጓደኛ እያለው፣ ገብሱ ሳይታጨድ፣ ቀይዋን መብራት እያየ «ወደፊት» የሚል ሰው የለም።

«አላወጣትም» አልኩ።

«አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ ጓድ።»

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለ ሂስ ነው፤ አጀንዳው እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ዝናብ ይዘንባል፣ የአዳራሹ ቆርቆሮ ይጮኻል። አባቴ እንደ ሁልጊዜው በሩ አጠገብ ቆሟል። ኃላፊው ጽሑፉ የሠራተኛውን ሞራል እንደሚሸረሽር ተናገረ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ደግሞ ያንኑ በሌላ ቃል ተናገሩ። አንደኛዋ የልብስ አጣቢዋን ታሪክ ሁለት ጊዜ ተውሳኝ ያነበበች ናት። ከዚያ ራስሽን ተቺ ተባልኩ።

ተነሳሁ። የያዝኩት ወረቀት የግለ ሂስ ጽሑፍ መስሏቸው ነበር። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። ዝናቡ ስለሚጮህ ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። ኃላፊው ሁለት ጊዜ «ጓዲት» አለ፤ ቀጠልኩ። ያቺ ቃል ላይ ስደርስ ትንሽ ቆም አልኩና በደንብ አነበብኳት።

ስጨርስ ኃላፊው ወደ እኔ አልተመለከተም። ወደ በሩ ዞረ።

«እዚህ አንድ እውነተኛ የበር ሠራተኛ አለን» አለ። «እሱን እንጠይቅ። አባባ፣ ይምጡ። እርስዎ በር ሲከፍቱ እንዲህ ያለ ነገር ያስባሉ? ለአለቃዎ «ቆይ» ይላሉ?»

አባቴ ቆቡን አውልቆ ሁለት እርምጃ ገባ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በዚያ ሁሉ ዓመት ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ ብሎ እንዲክድ ፈለግሁ፣ እንዲክድ ደግሞ አልፈለግሁም።

«ያቺን ቃል የነገርኳት እኔ ነኝ» አለ።

«እርስዎ?»

«እሷ አንቱ ብላ ነበር የጻፈችው። እኔ ነኝ አንተ ያደረግሁት።»

የሆነ ሰው ከኋላ ሳቀና ሳል አስመሰለው።

«ለምን?» አለ ኃላፊው።

አባቴ አማርኛው የሚደናቀፍበት ቦታ ላይ ኦሮምኛ ይቀላቅላል፤ ያን ቀን ግን አልተደናቀፈም። «ሰው ሰውን አይራመድም። የተራመደውን ሰው ታሪክ ስሰማ ቅር አለኝ። ልጄ ደግሞ ጻፈችው። ጥፋት ካለበት የእኔም ነው፤ ጻፉኝ።»

ከዚያ ቆቡን አድርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማንም ተመለስ አላለውም።

ኃላፊው ለአፍታ ወረቀቶቹን ሲያስተካክል ቆየ። ቀጥሎ ቃሏን አወጣለሁ ወይስ አላወጣም ብሎ ጠየቀኝ፤ አላወጣም አልኩ። እጅ ይውጣ ተባለ። ወጣ። ሾፌሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቀረ፤ ሌላው ሁሉ አወጣ። እያንዳንዱን እጅ አየሁት። ይቅር ብያለሁ ማለት የሚቀናቸው ሰዎች አሉ። እኔ አላልኩም፤ ከብዙዎቹ ጋር ግን በኋላ ሻይ ጠጥቻለሁ።

ጎጆ ወደምትባል የደጋ ከተማ ተዛወርኩ። አባቴን ከመሥሪያ ቤቱ በር አንስተው ከከተማው ወጣ ባለ የማዳበሪያ መጋዘን ላይ አቆሙት፤ በእግሩ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ መንገድ ነው። እናቴ ሁለታችንንም ለሦስት ቀን አላናገረችንም። በአራተኛው ቀን የሱፍ ሹራቧን አውልቃ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው።

የተባዙት ወረቀቶች እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። ሁለት ሰዎች ከቤት ቤት ዞሩ። የጨርቅ ነጋዴው ጋር ሲደርሱ ብዙ ቅጂ እንዳላቸው ይታወቅ ነበር። «ነበረኝ» አሏቸው። «ጨርቅ ጠቅልዬበት ሸጥኩት። አንዱ ካቺሲ ሄዷል፣ አንዱ ጌዶ፣ አንዱ ባኮ። ባለገበያውን አላውቀው፣ ሂዱና ፈልጉት።» ቅጂዎቹ እንደሚሰበሰቡ የሰሙ ዕለት ጠዋት ነው መጠቅለል የጀመሩት፤ ይህንን ልጃቸው ነች የነገረችኝ።

ቀይ እስክሪብቶ የያዘው መምህር ጋርም ሄዱ። በሩ ላይ ቆሞ «ታሪኩን አልወደውም፣ ሦስት ቦታ ስህተት አለበት፤ ግን የራሴ ወረቀት ነው፣ አልሰጥም» አላቸው። ለዚህ ከደመወዙ ተቀጣ። እንዲህ ያለውን ሰው ወዳጅ ልበለው ወይስ ባላጋራ እስከ ዛሬ አላውቅም። የልብስ አጣቢዋና የነጋዴው ታሪክ ቅጂዎች ግን ከእኔም፣ ከሰውም እጅ ተሰብስበው ተቃጠሉ። ልብስ አጣቢዋን ሦስት ጊዜ እንደገና ልጽፋት ሞክሬያለሁ፤ ያቺኛዋ አልመጣችም።

ጎጆ ብርድ ነው። ጣቴ ታይፑ ላይ ይደነዝዛል፤ የእናቴን ሹራብ እጀታ ጫፉን ቆርጬ ጣት አልባ ጓንት አደረግሁት። መንገዱ በክረምት ይዘጋል፤ መኪና ቢመጣ በጉና ድንቹ ቀድሞ ይሳፈራል። መጀመሪያ ሰሞን አልቅሻለሁ፤ ሰው ሳያየኝ ነው። ከዚያ መጻፍ ጀመርኩ። ቢሮውን የምታጸዳ አንዲት ሴት ነበረች፤ አማርኛ እምብዛም አትናገርም፤ ለእሷ በኦሮምኛ እነግራታለሁ፣ ማታ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። አልወደድኩትም ካለችኝ እቀደዋለሁ። በበረዶው ምሽግ ውስጥ ድንች ስለሚልጡት እስረኞች ስነግራት «በምን ይልጣሉ? ቢላ ሰጥተዋቸው ነው?» አለችኝ። ይህንን አምስቱንም መጽሐፍ ያነበበ ሰው አልጠየቀኝም። እስረኛ ቢላ ከተሰጠው ነገሩ ሌላ ነው። ታሪኩ ተገለበጠ፤ እስረኞቹ ምሽጉ ሳይፈነዳ ወጡ።

በሁለተኛው ዓመት ከባኮ ደብዳቤ መጣ። የበቆሎ ምርምር ጣቢያው አጠገብ በሚገኝ ምግብ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። የቀሚስ ጨርቅ የተጠቀለለበት አንድ ወረቀት ደርሷት፣ ከላይ የመሥሪያ ቤታችንን የድሮ ሰርኩላር አድራሻ አይታ ነው የጻፈችው፤ ሾፌሩ ተቀብሎ ላከልኝ። «ሁለተኛው ገጽ ብቻ ነው ያለኝ፤ መብራቷ ስትበራ ይቆማል። ሰውዬው ምን አደረገ?» ይላል ደብዳቤው። የቀረውን ሙሉ በሙሉ ታይፕ አድርጌ ላክሁላት። መልስ አልጻፈችም። ምናልባት አልደረሳትም፤ ምናልባትም መጨረሻውን አልወደደችውም።

በዚያው ዓመት ከአምቦ አንድ የሚፈረም ቅጽ መጣልኝ። ጥፋቴን አምኜ ከፈረምኩ ወደ ቦታዬ እንደምመለስ ይላል። እናቴ ብሶባት ነበር፤ ቅጹን ለብዙ ቀን መሳቢያ ውስጥ አቆየሁት። በመጨረሻ ለአባቴ በመንገደኛ ቃል ላክሁበት፤ ምን ላድርግ አልኩት። መልሱ በራሱ ጽሕፈት መጣ፤ በመሠረተ ትምህርት የተማረው ትልልቅ ፊደል፣ ግማሽ ገጽ የሞላ አንድ መስመር፤ «እናትሽ አትፈርም ብላለች» ይላል። አልፈረምኩም። ለቀብሯ ደረስኩ፤ መንገዱ ያን ሳምንት ክፍት ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መንግሥት ሲለወጥ ጎጆ ነበርኩ። ቢሮው ለጥቂት ሳምንታት ያለ አለቃ ቆየ፤ እኔና ጽዳት ሠራተኛዋ በየጠዋቱ ከፍተን በየማታው ዘጋነው። በኋላ አዲሶቹ ኃላፊዎች መጡና የእያንዳንዱን ሠራተኛ ፋይል አዩ። አንደኛው፣ ትሑት ወጣት፣ ጠራኝ።

«በደርግ ላይ በመጻፍዎ ነው የተቀጡት» አለኝ። «ይህንን በማመልከቻ ይግለጹልንና በአስቸኳይ እንመልስዎታለን። ካፒቴኑ ማንን እንደሚወክል ሁላችንም ገብቶናል።»

«ማንንም አይወክልም» አልኩት። «ካፒቴን ነው።»

«ዘበኛውስ? ጭቁኑ ሕዝብ አይደለም?»

«ዘበኛ ነው።»

ግራ ገባው። እየረዳኝ መሆኑን፣ ለእኔ የሚጠቅም መሆኑን ደግሞ ነገረኝ። እውነቱን ነበር። ግን ያን ሰው አንዱ «ወደፊት» በል ሲለው እምቢ ብዬለታለሁ፤ ሌላው ደግሞ ባንዲራ ሊያስይዘው ሲመጣ ዝም ብዬ የምሰጠው ለምንድን ነው? ማመልከቻ ጻፍኩ። በሥራ ዘመኔ ርዝመትና በአባቴ እርጅና ምክንያት መደበኛ ዝውውር እጠይቃለሁ አልኩ፤ ከዚያ ውጭ አንድ ቃል አልጨመርኩም። በአስቸኳይ የተባለው ቀረ። ወረፋዬን ጠበቅሁ፤ ጎጆ ላይ አንድ ተጨማሪ ክረምት አሳለፍኩ። በዚያ ክረምት ምግብ አቅራቢዋን ጨረስኳት፤ ሳህኑን አስቀምጣ ከክፍሉ ከወጣች በኋላ የት እንደምትሄድ፣ ማን እንደሚጠብቃት፣ ምን እንደምትበላ። አሥራ አራት ገጽ ሆነች። ካፒቴኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ ጨው አነሰው ይላል፤ እሷም የጨው ዕቃውን አንስታ ከፊቱ ታስቀምጥለታለች።